ስልኬ 3 ዲግሪ ይላል፣ ባቄላው ግን ተቃጥሏል

ባለፈው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ አጎቴ በጠዋት ደወሉ። ሰላምታው እንኳን በወጉ አላለቀም። «ባቄላውን ውርጭ መታው» አሉኝ። አጎቴ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው የሚያርሱት። ያ ባቄላ የቤት ቀለብ ብቻ አይደለም፤ የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለውም፣ የልጃቸው የኮሌጅ ወጪ የሚሸፈነውም ከእሱ ነው።

ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ፣ ጠቁሮ ተኝቷል። እሳት ያልነካው ማሳ ለምን «ተቃጠለ» እንደሚባል ያን ቀን ነው የገባኝ። ያልገባኝ ግን ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ስልኬ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ አፕ ነው። የዚያን ሌሊት ዝቅተኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ነው ብሎኛል። በ3 ዲግሪ ውሃ በረዶ አይሠራም፤ ይሄን ለማወቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። ታዲያ ማን ነው የዋሸው?

ሁለተኛው ማሳው ዳር ያለው ትልቅ ጥድ ነው። ከጥዱ ሥር ያለው ባቄላ ምንም አልሆነም። አረንጓዴ ነው፣ ቆሟል። ጥላ ቀን ላይ ይጠቅማል እንበል፤ ሌሊት ግን ጥላ ምን ይሠራል?

አጎቴ በዚህ አልተገረሙም። «ዛፍ ሥር ውርጭ አይገባም። ደመና ባለበት ቀንም አይመጣም። ሰማይ ሲጠራ ነው የሚፈጀን» አሉኝ፣ ይሄን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ በሚል አነጋገር። ለምን ስላቸው ግን «እንግዲህ እናንተ ተማራችሁ አይደል?» ብለው ጥያቄውን ለኔ መለሱት።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ፊዚክስን 10ኛ ክፍል ላይ ነው የተሰናበትኩት፤ መለያየታችንም ለሁለታችንም ጥሩ ነበር። ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ለአንድ ወር ያህል አነበብኩ፣ አንዳንዱንም በእጄ ሞከርኩት። የሚገርመው፣ ከጥዱ ሥር የተረፈችው ባቄላና ዓለም ሁሉ የሚጨቃጨቅበት የአየር ንብረት ለውጥ አንድ ዓይነት ጉዳይ ሆነው አገኘኋቸው።

በኮቪድ ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ የሚደግኑብንን መሣሪያ ታስታውሳላችሁ? ሽጉጥ የምትመስለዋን። ያኔ ብዙ ሰው ጨረር የምትረጭ ይመስለው ነበር። እሷ የምትረጨው ነገር የለም። የምትረጩት እናንተ ናችሁ። ቆዳችሁ፣ ግድግዳው፣ ምጣዱ፣ በረዶ ሳይቀር፣ ማንኛውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን በዓይን የማይታይ ብርሃን ያለማቋረጥ ያወጣል። ይህ ብርሃን ኢንፍራሬድ ይባላል። የሞቀ ብዙ ያወጣል፣ የቀዘቀዘ ትንሽ። መሣሪያዋ የሚመጣላትን ተቀብላ በዲግሪ ትነግራችኋለች፣ በቃ።

ኢንፍራሬድን በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ በከፊል። የቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ሴልፊ ካሜራ አዙሩና ቁልፉን ተጫኑ። ባዶ ዓይን የማያየው መብራት ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም ሲል ታያላችሁ። (የኋላው ካሜራ ብዙ ጊዜ ማጣሪያ ስላለው ላያሳይ ይችላል።) ግን ይሄ የቀይ ብርሃን የቅርብ ጎረቤት ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 1 ማይክሮሜትር እንኳን አይሞላም። ከቆዳችንም ከአፈሩም የሚወጣው በአብዛኛው 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለው ነው። እሱን የስልክ ካሜራ አያየውም። የሌንሱ መስታወት ራሱ አያሳልፈውም።

የግንባሯን መሣሪያ ወደ ሰማይ ስደግናት «ሎ» ብላ ዘጋችብኝ። የሰው ትኩሳት ብቻ ነው የምታውቀው። ስለዚህ ፍሪጅ ከሚጠግን ጓደኛዬ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ድረስ የምታነብ ተዋስኩና ኅዳር ላይ ወደ አጎቴ ተመለስኩ። ሰማዩ እንደ መስታወት የጠራ ሌሊት ነበር። በር ላይ በሰው ቁመት የሰቀልነው ተራ ቴርሞሜትር 3 ዲግሪ ይላል፤ ልክ እንደ አፑ። ሣሩ ላይ ስደግን ከዜሮ በታች 3። የማሳው ድንበር ላይ የቀረ የባቄላ ቅጠል ላይም ያው። ቀጥ ብዬ ወደ ሰማይ ስደግን ከዜሮ በታች 38! ከጥዱ ሥር ሆኜ ወደ ቅርንጫፎቹ ስደግን ደግሞ 2 ዲግሪ።

አፑ አልዋሸም። የአየር ሁኔታ ትንበያ የሚናገረው ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስላለው አየር ነው። ቅጠሉ ግን አየር አይደለም። ቅጠል ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን በኢንፍራሬድ ወደ ላይ እየላከ፣ የሚመለስለት ካነሰ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል። ውርጭ ይወርዳል እንላለን እንጂ ከላይ የሚወርድ ነገር የለም። ሙቀቱ ነው ወደ ላይ የሚሄደው። ጥዱ ሥር ያለችው ባቄላም እኩል ነው የምትልከው፤ ልዩነቱ ከላይዋ ያሉት ቅርንጫፎች በ2 ዲግሪ ሙቀታቸው መልሰው ይልኩላታል። ሜዳ ላይ ያለችው ግን ከላይዋ የቀዘቀዘ ሰማይ ነው ያለው።

ወደ ሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ደመና መጣ። ሰማዩ ላይ ስደግን ከዜሮ በታች 38 የነበረው ወደ 1 ዲግሪ ወጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሣሩ ከዜሮ በላይ ነበር። እሳት ያነደደ ሰው የለም። አጎቴ ጋቢያቸውን አጥብቀው «አላልኩህም?» አሉኝ።

እዚህ ድረስ ቀላል ነው፤ ዛፍም ደመናም ይታያሉ። እኔን የያዘኝ የጠራው ሰማይ ነው። ከላያችን ምንም ባይኖር መሣሪያዋ ማየት የነበረባት ባዶውን ጠፈር ነው፤ እሱ ደግሞ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ነው። በርግጥ የሷ ማንበቢያ 50 ላይ ያበቃል፣ ግን እዚያም አልደረሰችም። 38 ላይ ቆመች። ወደ አድማስ ዘንበል ሳደርጋት ደግሞ ወደ 14 ከፍ አለች። ምክንያቱም በአግድም ስታዩ የምታዩት አየር ብዙ ነው። ስለዚህ የጠራው ሰማይ ራሱ ኢንፍራሬድ እየላከልን ነው። የሚልከውም የማይታይ ጋዝ ነው። እንደውም እነዚህ መሣሪያዎች የሚሠሩት አየሩ በጣም በሚያሳልፍበት ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ባለው መስኮት እንዲያዩ ተደርገው ነው፤ ሁሉንም ሞገድ ቢያዩ ሰማዩ ከዚህም ሞቆ ይታይ ነበር።

የትኛው ጋዝ? ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል የለካው ጆን ቲንደል የሚባል አየርላንዳዊ ነው፣ ለንደን ውስጥ፣ በ1859። ረጅም የነሐስ ቱቦ ወስዶ በአንድ ጫፉ የሞቀ ነገር፣ በሌላው ጫፍ የሙቀት ጨረር መለኪያ አደረገ፤ መሃል ላይ የተለያዩ ጋዞች እየሞላ ምን ያህል እንደሚያልፍ አየ። የቱቦውን ጫፎች በመስታወት መዝጋት አልቻለም፤ ቅድም እንዳልኩት መስታወት ራሱ ያግደዋል። መላው ምን ነበር? ጨው። የሚታይበት የድንጋይ ጨው ተጠርቦ ቱቦው ላይ ተገጠመ፤ ጨው ኢንፍራሬድን ያሳልፋል። አሞሌ ሲገበያይ ለኖረ አገር ይሄ ደስ የሚል ነገር ነው መቼም።

ከሱ 3 ዓመት በፊት፣ በ1856፣ ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላችበትን የመስታወት ቱቦ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ፣ ተራ አየር ካለበት የበለጠ እንደሚሞቅና ለመቀዝቀዝም ብዙ ጊዜ እንደሚወስድበት ጽፋለች። የዚህ ጋዝ መብዛት ምድርን ሊያሞቅ እንደሚችልም ገምታለች። የፀሐይን ብርሃን ከመሬት ከሚወጣው ኢንፍራሬድ መለየት ግን የሷ መሣሪያ አልቻለም። ስሟ ለመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ነበር።

የቲንደል ውጤት ራሱን ቲንደልን አስደንግጦታል። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ሁለቱም ኢንፍራሬድን ዝም ብለው ያሳልፋሉ። ምንም! የሚያግዱት እነዚያ ጥቂቶቹ ናቸው፤ የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሌሎችም። ለምን? ናይትሮጅን ሁለት አንድ ዓይነት አቶም ነው፤ ቢለጠጥ ቢኮማተር የኤሌክትሪክ ሚዛኑ አይዛባም፣ ስለዚህ ሞገዱ የሚይዝበት ቦታ የለውም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ሦስት አቶም በመስመር ነው፤ መሃሉ ላይ ካርቦን፣ ግራና ቀኙ ላይ ኦክስጅን። ሲታጠፍ ሲዘረጋ ሚዛኑ ይዛባል። የሚታጠፍበት ምት ደግሞ 15 ማይክሮሜትር ካለው ሞገድ ጋር ይገጥማል፤ መሬት በብዛት ከምትልከው ክልል ውስጥ ማለት ነው። ምቱ ሲመጣለት ትከሻውን ይሰብቃል። ናይትሮጅን ሙዚቃው ቢከፈትም ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዓይነት ነው።

አሁን ብዙ ጽሑፍ የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። ሞለኪውሉ ጨረሩን ይውጥና ወዲያው መልሶ ይተፋዋል፣ ግማሹን ወደ ላይ ግማሹን ወደ ታች፣ ይባላል። መሬት አካባቢ እንደዚያ አይደለም። አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል የዋጠውን በራሱ ጊዜ ልልቀቅ ቢል የሰከንድ ጉልህ ክፍልፋይ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር እጅግ ብዙ ጊዜ ይጋጫል፤ ጉልበቱን ለናይትሮጅንና ለኦክስጅን አካፍሎ ይጨርሳል። ስለዚህ አየሩ በጠቅላላ ይሞቃል። በተቃራኒው ደግሞ ናይትሮጅን ገጭቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይቀሰቅሰዋል፤ አልፎ አልፎ አንዱ ሳይጋጭ ቀድሞ ይለቀዋል፣ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ውጤቱ ምንድን ነው? ጋዙ የሚልከው መጠን የሚወሰነው በተቀበለው ሳይሆን እሱ ባለበት አየር ሙቀት ነው። የሞቀ አየር ውስጥ ከሆነ ብዙ ይልካል፣ ከቀዘቀዘ ትንሽ። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ለዚህ ነው «ምድርን እንደ ጋቢ ይሸፍናል» የሚለው ምሳሌ ለኔ ሙሉ በሙሉ የማይጥመኝ። ጋቢ የሞቀውን አየር አፍኖ ይይዛል እንጂ እንዲህ ዓይነት ንግድ አይነግድም። «በካይ ጋዝ» የሚለው የዜና ቋንቋም ችግር አለው፤ ሰው ጭስና ሽታ እንዲፈልግ ያደርጋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይታይም፣ በዚህ መጠን አይሸትም፣ ከአፋችንም ይወጣል። «ሙቀት አማቂ» የሚለው ይሻላል።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልግባ። የምድርን የኃይል ሒሳብ መዝገብ ሳይ ዓይኔ ፈጠጠ። ከፀሐይ መጥቶ ምድር የምትይዘው፣ የዓመትና የመላው ዓለም አማካይ ሲወሰድ፣ በየካሬ ሜትሩ 240 ዋት ገደማ ነው። ከዚህ መሬት ላይ የሚደርሰው 160 ገደማ ነው። ግን መሬት ከአየሩና ከደመናው በኢንፍራሬድ የምትቀበለው 340 ዋት ገደማ ነው! ከፀሐይ ከምታገኘው እጥፍ በላይ፣ ያውም ሌሊትም ቀንም። መጀመሪያ የሒሳብ ስህተት መስሎኝ ነበር። ገንዘብ ከየት መጣ? ከዚያ ገባኝ። አንድ መቶ ብር በአንድ ሰፈር ከሱቅ ወደ ፀጉር ቤት፣ ከፀጉር ቤት ወደ ጀበና ቡና፣ ከጀበና ቡና ወደ ሱቅ ሲዞር የቀኑ ግብይት አምስት መቶ ሊሆን ይችላል። አዲስ ብር አልታተመም። ከሰፈሩ ከመውጣቱ በፊት ደጋግሞ ዞረ እንጂ። መሬትና አየርም እንደዚያ ናቸው፤ ከላይ 240 ይገባል፣ 240 ይወጣል፣ መሃል ላይ ግን ያው ኃይል እጅ በእጅ ይዞራል። ይህ ዙረት ባይኖር የምድር አማካይ ሙቀት አሁን ያለው 15 ዲግሪ ገደማ ሳይሆን ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ይሆን ነበር። መላው ዓለም የአጎቴ ማሳ ነበር ማለት ነው።

«አየር ውስጥ 0.04 በመቶ ብቻ ያለ ጋዝ ምን ያመጣል?» የሚሉ አሉ፤ በየቴሌግራሙ አይቼዋለሁ። ይሄ የአካፋይ ስህተት ነው። ናይትሮጅንና ኦክስጅን ጨዋታው ውስጥ የሉም፤ የሌለን ተጫዋች ቆጥሮ መቶኛ ማስላት አይሆንም። ሌላ መለኪያ ልስጣችሁ። ከራሳችሁ በላይ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁሉ ለይተን ባሕር ጠለል ባለው ግፊት ብንዘረጋው ከ3 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ንጣፍ ይሆናል። የቤታችሁን ጣሪያ ከፍታ ያህል ንጹሕ ጋዝ። ኢንዱስትሪ ከመጀመሩ በፊት 2 ሜትር ከሩብ ገደማ ነበር፤ ከሚሊዮን 280 የነበረው አሁን ከ420 አልፏል።

ሌላው ክርክር የተሻለ ነው፣ የረጅም ጊዜ ታሪክም አለው። በ1900 ክኑት ኦንግስትሮም የሚባል ስዊድናዊ ፊዚክስ ሊቅ፣ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻው የሆነውን ኢንፍራሬድ ጨርሶ ስለያዘው ተጨማሪ ለውጥ አያመጣም አለ። ምክንያታዊ ይመስላል። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ይመጣል። ወደ ጠፈር የሚያመልጠው ኢንፍራሬድ በአብዛኛው ከመሬት በቀጥታ የሚሄደው አይደለም፤ ከላይኛው አየር ነው፣ ጋዙ ሳስቶ ማምለጥ ከሚቻልበት ከፍታ። ያ ከፍታ በአማካይ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከራስ ዳሸን ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ። ጋዙ ሲጨመር ማምለጫው ወደ ላይ ይገፋል። ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ይሄን ከአዋሽ ተነስቶ ደብረ ብርሃን የመጣ ሰው በቆዳው ያውቀዋል። የቀዘቀዘ ጋዝ ደግሞ ትንሽ ይልካል። ስለዚህ ወጪው ከገቢው ያንሳል፣ ሒሳቡ እስኪመጣጠን ድረስ ታች ያለው ይሞቃል። ኦንግስትሮም ከታች ነው ያየው፣ ጉዳዩ ግን ላይ ነበር። በ1970 ኒምበስ 4 የምትባል ሳተላይት ከላይ ሆና የምድርን ኢንፍራሬድ ስትለካ 15 ማይክሮሜትር ላይ ትልቅ ጎድጓዳ ታየ። ከቀዝቃዛው ከፍታ የመጣው ክፍል እሱ ነው።

ይሄን ሁሉ ለአጎቴ ሳስረዳ (ኦንግስትሮምን ዘለልኩት) በትዕግሥት ሰምተው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «እና አየሩ እየሞቀ ከሆነ ውርጩ ይቀርልናል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ትንሽ ተንተባተብኩ። በዓለም ደረጃ ውርጭ ያለባቸው ሌሊቶች በቁጥር ቀንሰዋል። ግን አንዲትን ሌሊት የሚወስናት ደመናው፣ እርጥበቱና ነፋሱ ነው። ያን ሌሊት ደመናው ሲመጣ ማሳው በካሬ ሜትር በአሥር የሚቆጠር ዋት ተጨማሪ አግኝቷል። የሰው ልጅ እስካሁን የጨመረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በራሱ የሚያመጣው ጭማሪ ግን 2 ዋት ገደማ ነው። ልዩነቱ፣ ደመና ይመጣል ይሄዳል፤ የውሃ ተንም በጥቂት ቀናት ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል፣ ያቺን 2 ዋት ቀንም ሌሊትም፣ የትም ቦታ እየጨመረ። «እንደ ዕዳ ወለድ ነው ጋሼ፤ ለዛሬ ማታ ግን አይደርስልዎትም» አልኳቸው። ዕዳ ሲባል ገባቸው።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። የውሃ ተን ደግሞ በአብዛኛው የሚከማቸው ዝቅ ባለው አየር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ከላያቸው ያለው ጣሪያ ስስ ነው። ጅዳ የምትሠራ አክስቴ በነሐሴ ሌሊት ላብ አላስተኛ አላት ብላ ትደውላለች፤ እሷ ያለችበት የባሕር ዳርቻ አየር በተን የተሞላ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት መልሶ ይልክባታል። ሁለቱ እህትና ወንድም በአንድ ቪዲዮ ኮል ላይ አንዱ በብርድ፣ አንዷ በሙቀት ሲያማርሩ መስማት ያስቃል።

ለማሳው ምን ይደረግ የሚለውን ሁለታችን ተነጋግረናል። ጭስ ማጨስ የለመደ ጎረቤት አላቸው። የጭስ ቅንጣት ለ10 ማይክሮሜትር ሞገድ በጣም ደቃቅ ስለሆነ እንደ ደመና አያገለግልም፤ የሚረዳ ከሆነም እሳቱ አየሩን ስለሚያማስለው ነው። ገለባ ማልበስ ይሠራል፣ ምክንያቱም ገለባው እንደ ጥዱ ነው። ቀን ላይ አፈሩን ማጠጣትም ይሠራል፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት በደንብ ይይዛል። ሙሉ ማሳ ማልበስ ግን አይቻልም። ገለባው ለከብትም ይፈለጋል፤ ይሄኛው ንጹሕ ኢኮኖሚክስ ነው።

መሣሪያዋን ለጓደኛዬ አልመለስኩም፣ ሌላ ገዛሁለት። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አንድ ማታ አጎቴ ደወሉ። «ያቺ ሽጉጥህ ምን ትላለች?» አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ደገንኩ፤ ደመና ነበር፣ 6 ዲግሪ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እዚህ ኮከቡ ይቆጠራል» አሉኝ። ከዚያ ለልጃቸው ገለባውን አምጣ ብለው ሲጣሩ እየሰማሁ ስልኩ ተዘጋ።